ከባሕረ ሐሳብ እስከ ሳተላይት፤ የተማሪው ድርሻ

በወሎ አምባሰል የሚገኘው የግሸን ደብረ ከርቤ ክብረ በዓል መስከረም 21 ነው፤ ከዓመት ዓመት ቀኑ ንቅንቅ አይልም። ጾመ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾምና ትንሣኤ ግን በየዓመቱ ወዲህና ወዲያ ይላሉ። መቼ እንደሚውሉ የሚታወቀው በባሕረ ሐሳብ ነው፤ ስሌቱንም የአብነት ተማሪው ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ በቃሉ ይወጣዋል። የ2018 ዓ.ም. ስሌት ለምሳሌ ይበቃል። 5500 ዓመተ ኩነኔ ከ2018 ዓመተ ምሕረት ጋር ሲደመር 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ከዚያ ላይ አንድ ሲነሳ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በሠላሳ ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በሠላሳ ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ ተማሪው አንድ ቦታ ስቷል ማለት ነው፤ ተመልሶ ያስባል።

19 ዓመት የፀሐይና የጨረቃ አቆጣጠር ዞሮ የሚገጥምበት ንዑስ ቀመር ነው። እሱ በ28 ሲባዛ 532 ዓመት የሚፈጀውን ዐቢይ ቀመር ይሰጣል። ይህን የሚያህል የሰማይ ሒሳብ በልጅነት ጭንቅላት ውስጥ ሲቀመጥ የኖረበት አገር ነው። ከአምባሰል በስተደቡብ በሚዋሰነው ተሁለደሬ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት ትምህርት ቤት አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ስመ ጥር መነኮሳትን አፍርቷል። እርግጥ ባሕረ ሐሳብ የሰማይ አካላትን ዑደት ያሰላል እንጂ ሰማዩን በመሣሪያ አይመረምርም፤ የጠፈር ሳይንስ አባት አድርጎ ማቅረቡ ማጋነን ነው። ይሁንና ከግሸን ተራራ ሥር ያለ ልጅ ለቁጥርና ለሰማይ ባዕድ እንዳልሆነ ያስረዳል። ዛሬ የሚነሳው ጥያቄ፣ ይኸው ልጅ ወደ ጠፈር ምርምር የሚገባበት በር የት ነው የሚለው ነው።

ስለ ተማሪና ስለ ጠፈር ሲወራ “የነገ ተመራማሪዎች” ማለት የተለመደ ነው። አባባሉ ያምራል፤ ታሪኩን ግን ያዛባል። ተማሪዎች ነገን ሳይጠብቁ፣ ገና ደብተር ይዘው ሳሉ የሠሩት ሥራ ብዙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 በኬምብሪጅ የዶክትሬት ተማሪ የነበረችው ጆሴሊን ቤል ከሬዲዮ ቴሌስኮፕ የሚወጣውን የወረቀት ጥቅል በዓይኗ ስትፈትሽ፣ እንደ ሰዓት እየጠበቀ የሚደጋገም ምልክት አየች። ያ ምልክት የመጀመሪያው ፑልሳር፣ ማለትም በፍጥነት የሚሽከረከር የሞተ ኮከብ ቅሪት ሆኖ ተገኘ። የ1974ቱ የኖቤል ሽልማት ለአማካሪዋ ሲሰጥ እሷ አልተካተተችም፤ ይህም የሥነ ፈለክ ባለሙያዎችን እስከ ዛሬ ያነጋግራል።

ከዚህም የሚልቀው ምሳሌ ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው መንኮራኩር ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2006 ወደ ፕሉቶ ስትላክ ከያዘቻቸው መሣሪያዎች አንዱን፣ የኅዋ አቧራ ቆጣሪውን፣ የነደፉትና የሠሩት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ወደ ሌላ ፕላኔት በሄደ የናሳ ጉዞ ላይ በተማሪዎች የተሠራ መሣሪያ ሲጫን የመጀመሪያው ነበር። ስያሜውም እ.ኤ.አ. በ1930 በ11 ዓመቷ “ፕሉቶ” የሚለውን ስም ላቀረበችው እንግሊዛዊት ልጅ፣ ለቬኒሺያ በርኒ መታሰቢያ ሆነ። መንኮራኩሯ ፕሉቶ የደረሰችው ከዘጠኝ ዓመት ተኩል በኋላ ነው፤ መሣሪያውን የሠሩት በዚያን ጊዜ ተመርቀው ተበትነዋል። ሥራው ግን አልቆመም። አንዱ ተማሪ ሲወጣ ለሚቀጥለው እያስረከበ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከኔፕቱን ማዶ ያለው አቧራ ከተገመተው በላይ ብዙ መሆኑን ያሳወቀው ጥናት በአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ መሪነት ወጣ። የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈበት ሰው ይህን አሠራር ያውቀዋል፤ የበሰለው ተማሪ ለጀማሪው እያስቀጸለ ትምህርቱ ከትውልድ ትውልድ የሚሻገርበት መንገድ ነው።

ለዩኒቨርሲቲዎች በሩን ወለል አድርጎ የከፈተው ግን አንዲት ትንሽ ሣጥን ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የስታንፎርዱ ቦብ ትዊግስና የካል ፖሊው ጆርዲ ፒግ ስዋሪ፣ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሳይለቅ ነድፎ፣ ገጣጥሞና አምጥቆ የሚያያት ሳተላይት ምን ያህል ብትሆን ይሻላል ብለው ልኬት አወጡ። ጎኗ ሁሉ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ግራም ብዙም የማይበልጥ ኩብ ሆነች፤ ኩብሳት ተባለች። ለመማሪያ የታሰበችው ሣጥን ዛሬ የንግድ ኩባንያዎችና የመንግሥት ተቋማት ጭምር የሚጠቀሙባት ሆናለች።

አፍሪካ ውስጥ የሣጥኗ ውለታ በግልጽ ይታያል። የመጀመሪያዋ የጋና ሳተላይት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የተለቀቀችው ጋናሳት 1፣ የመንግሥት ፕሮጀክት አልነበረችም። ኮፎሪዱዋ ከተማ የሚገኘው ኦል ኔሽንስ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከጃፓኑ የኪዩሹ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጋር ሆኖ ያሠራት የተማሪዎች ሥራ ናት። በዓመቱ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የኬንያን የመጀመሪያ ኩብሳት አስከተለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ኡጋንዳና ዚምባብዌ በዚያው በጃፓኑ ኢንስቲትዩት ወጣቶቻቸውን አሠልጥነው የየራሳቸውን ላኩ። ሳተላይቶቹ ትንንሾች ናቸው፤ ዕድሜያቸውም አጭር ነው። የተገኘው ትርፍ ግን ሳተላይትን ከመጀመሪያው ንድፍ እስከ መጨረሻው ምልክት በእጁ የጨረሰ ሰው ነው።

የኢትዮጵያ መንገድ ከዚህ ለየት ይላል፤ አጀማመሩ ደግሞ ብዙ ሰው ከሚያስበው ይቀድማል። ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ባመጠቀችበት፣ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት እየተባለ በሚጠራው በ1950 ዓ.ም. አካባቢ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዋን ናቸው። ጉዋን በወሎ በኩል የሚታወሱት በሌላ ሥራቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ማጀቴን ያፈረሰውንና ካራቆሬን የጎዳውን የመሬት መንቀጥቀጥ መዝግበው ያቆዩ እሳቸው ነበሩ። ኦብዘርቫቶሪው አዲስ አበባ ላይ የተተከለበት ምክንያት ግን ወደ ላይም የሚመለከት ነበር። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ከዚህ መስመር በላይ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ቀን ቀን በፀሐይ ኃይል የሚነሳ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ በዚያው አዮኖስፌር በሚባለው የከባቢ አየር ክፍል የሚፈጠሩ አረፋ መሰል ክፍተቶች ከሳተላይት የሚመጣውን ምልክት ያንቀጠቅጡታል፤ ጂፒኤስ የሚሳሳትበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሌላው ዓለም ለጥናት ርቆ የሚመጣበት የጠፈር ክስተት ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ከራሱ አናት በላይ ነው ያለው።

ይህን የተረዳው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው። በፊንላንድ የተማሩት የአዮኖስፌር ተመራማሪ፣ በኋላም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የሆኑት ዶክተር ባይሌ ዳምጤ የሚታወቁበት የምርምር መስመር፣ ዋሸራ የጂኦስፔስና ራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ የሚባል ማዕከል አስገኝቷል። ስሙ የተወሰደው ከጎጃሙ ዝነኛ የቅኔ ትምህርት ቤት ነው፤ መጠሪያው እንዲያው ለጌጥ የወጣ አይመስልም። በአማራ ክልል የጠፈር ሳይንስ ተማሪ ማዕረግ ያገኘው እዚህ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ቴሌስኮፕ ለመግዛት አቅም የሌለው ተቋም በጥቂት የጂፒኤስ መቀበያዎችና ማግኔቶሜትሮች፣ ዓለም የሚፈልገውን መረጃ ሰብስቦ ተማሪውን ማስመረቅ እንደሚችል አሳይቷልና።

አዲስ አበባ ላይ ታሪኩ በሌላ በኩል ሄደ። በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ሲመሠረት “የሚበላ ሳይኖር ጨረቃ!” የሚል ሹፈት ያልሰማ አባል አልነበረም ማለት ይቻላል። ሶሳይቲው በትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች ክበባት አቋቋመ፤ በየዓመቱ ከመስከረም 24 እስከ 30 የሚውለውን የዓለም የጠፈር ሳምንትም አስለመደ። ከዚያም እንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3200 ሜትር ከፍታ ገደማ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። ለሥራው ከወጣው 3.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አብዛኛውን የሸፈኑት ሼኽ መሐመድ አል አሙዲ ናቸው። እንጦጦ ግን ዋና ከተማዋ አጠገብ ነው፤ ክረምቱ ደመናማ፣ የከተማው ብርሃንም ከዓመት ዓመት የሚጨምር ነው። ለዚህ ነው የተሻለ ጨለማና የጠራ ሰማይ ፍለጋ ባለሙያዎች ዓይናቸውን ወደ ላሊበላ ተራሮች የጣሉት። የወሎ ተራራ ሰንሰለት ሰማዩ ለሳይንስ የሚፈለግ መሆኑ እዚህ ላይ ታየ።

እንጦጦን ከጌጥነት ያወጣው ቴሌስኮፑ ሳይሆን ትምህርቱ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ውስጥ የተጠቃለለው ተቋም በሥነ ፈለክና በአስትሮፊዚክስ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎችን አስተምሯል። እዚያ ካስተማሩት አንዷ ሰርቢያ የተወለዱት ዶክተር ሚርያና ፖቪች ናቸው። በአፍሪካ ሴት ተማሪዎችን ወደ ሙያው በማምጣት ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2021 የአውሮፓ ሥነ ፈለክ ማኅበር አዲስ ያቋቋመውን ሜዳሊያ የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ሆኑ። ሜዳሊያው የተሰየመው በጆሴሊን ቤል በርኔል ስም ነው፤ ያችው ከኖቤሉ የተዘለለችው ተማሪ።

ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የጠፈር ወሬ የበዛበት ሳምንት ነበረው። ታኅሣሥ 7 ቀን ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች በሕዝብ ተሳትፎ የመረጧቸውን የከዋክብትና የፕላኔቶች ስሞች ይፋ ሲያደርግ፣ የኢትዮጵያ ድርሻ በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ያለው ኤችዲ 16175 ነበር። ኮከቡ “ቡና”፣ በዙሪያው የሚዞረው ከጁፒተር የሚበልጥ ፕላኔት “አቦል” ተባሉ። አንድሮሜዳ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ መሆኗን ላስታወሰ ሰው ዕጣው ጥሩ ቦታ ወድቋል። በሦስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 10 ጠዋት፣ ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይናው ታይዩዋን ማምጠቂያ ተነሳች። 70 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝን ነበር። ሥራዋ ለግብርና፣ ለደንና ለውኃ ሀብት የሚሆን የምድር ምስል ማንሳት ነበር። ከወጪው 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ 6 ሚሊዮኑን ቻይና ሸፈነች። በዓመቱ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ሁለተኛዋና አነስ ያለችው ተከተለች።

በመጀመሪያዋ ሳተላይት ሥራ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ተካፍለዋል፤ መቆጣጠሪያውንም ከእንጦጦ ሲያንቀሳቅሱ ቆይተዋል። ይህ የሚናቅ አይደለም። ቢሆንም ከጋናና ከኬንያ ጋር ሲነጻጸር አንድ ነገር ጎድሎታል። ሁለቱም ሳተላይቶች የመጡት ከቻይና ጋር በተደረገ ትብብር ነው፤ አንዷም ከዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ፣ ከተማሪ እጅ አልወጣችም። ኢትዮጵያ መሣሪያውን ቀድማ አገኘች፤ ተማሪው ግን ከወረፋው መጨረሻ ቆመ።

በውጭ ያሉትን ኢትዮጵያውያን ሲያዩም የሚታየው ይኸው ነው። ቦንጋ የተወለዱት ዶክተር ቅጣው እጅጉ በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተምረው፣ በነጻ ትምህርት ዕድል ጃፓን፣ ከዚያም አሜሪካ ዘልቀው በናሳና በሳተላይት ሥራ ስማቸው የተጠራ መሐንዲስ ሆኑ። በናሳ ጎዳርድ ማዕከል ዶክተር ብሩክ ላቀው ሳተርንን ባጠናችው ካሲኒ ላይ ለተጫነ የኢንፍራሬድ መሣሪያ ሠርተዋል። በዚያው ማዕከል ዶክተር ብርሃኑ ቡልቻ በጨረቃ ላይ ውኃ የሚፈልግ የሌዘር መሣሪያ ላይ ሲሠሩ ይታወቃሉ። እነዚህ ሰዎች ችሎታ እንዳለ አስረጅ ናቸው። ይሁንና ዕድሉን ያገኙት ባሕር ተሻግረው መሣሪያ ያለበት ቤት ሲደርሱ ነው። ከአንድ ቅጣው ጀርባ ትኬቱን ያላገኙ ስንት እንደቀሩ ማንም አልቆጠረም።

አገሪቱ ራሷ ቤተ ሙከራ መሆኗን ደግሞ ሌሎች ቀድመው አውቀውታል። አፋር ውስጥ ያለው ዳሎል፣ ጨዋማና አሲዳማ ፍል ውኃው የማርስን ጥንታዊ ገጽታ ለመገመት ስለሚረዳ፣ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ሲመላለሱበት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 አንዱ ቡድን በዚያ እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት አገኘሁ ሲል፣ ሌላው እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ሕይወት የለም ብሎ ተከራከረ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ሰማይ አልፏል፤ በዚያ ቀን የግርዶሽ መነጽር ያደረጉ ሕፃናት ከየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ የማያገኙትን አይተዋል።

ሰማዩ አለ፣ ልጁም አለ። በመካከላቸው ያለው ነገር ግን ያሳስባል። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ሒሳብና ፊዚክስ ሳይይዝ ኅዋ የሚገባ የለምና ይህ ቁጥር ለየትኛውም የጠፈር ዕቅድ ቀዳሚው ገጽ ነው። ደቡብ ወሎ ላይ ደግሞ ሌላም ተጨምሮበታል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፤ የቤተ ሙከራ ዕቃው ባከነ። ቁስሉ ሳይሽር ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ። ስለ ጠፈር ሲጻፍ ይህን መዝለል አይቻልም። በሩ የተዘጋ ትምህርት ቤት ሳተላይት አይሠራም።

በሩ በተከፈተበት ቦታ ግን የሚሠራው ሥራ ከሚታሰበው ይቀርባል። የአሜሪካው ላንድሳት ምስሎቹን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በነጻ ለቋል። የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ደግሞ በአምስት ቀን አንዴ፣ ምድርን በ10 ሜትር ጥራት እያነሳ ያለ ክፍያ ይሰጣል። የጣና እንቦጭ ስፋት ሲጠና የኖረው በእንዲህ ያሉ ምስሎች ነው። አንድ ላፕቶፕና በሳምንት ጥቂት ሰዓት ኢንተርኔት ያገኘ የውጫሌ ወይም የሐይቅ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ የሐይቅና የአርዲቦ ሐይቆች ዳርቻ በአሥር ዓመት ውስጥ ወዴት እንደሄደ፣ የአምባሰል ተዳፋት የት የት እንደተራቆተ ራሱ ለክቶ ሊያወጣ ይችላል። ውጤቱም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠቅማል። ሰማይን ለሚወደው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከቴክሳስ የሚመራ ዓለም አቀፍ የአስትሮይድ ፍለጋ ትብብር አለ፤ ከሃዋይ ቴሌስኮፕ የተነሱ ምስሎችን ለትምህርት ቤቶች በነጻ እያደለ ተማሪዎች አዳዲስ አስትሮይዶችን እንዲለዩ ያደርጋል። የሚጠይቀው ትዕግሥት፣ የኢንተርኔት መስመርና አንድ የሚከታተል መምህር ነው። ከሦስቱ በወሎ ገጠር በብዛት የሚታጣው መስመሩ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው የሚቀርበው ለባለቤቱ ነው። ስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ከሁለቱ ሳተላይቶች የሰበሰባቸውን ምስሎች ለትምህርት ቤቶች ይክፈት፤ ከእንጦጦ ሁለት ቴሌስኮፖች በአንዱም ላይ በወር ጥቂት ሌሊት ለክልል ተማሪዎች ይመድብ። የሚቀጥለው የአገሪቱ ሳተላይት ከውጭ የሚመጣ ትልቅ ሳይሆን፣ ባሕር ዳር፣ ወሎና ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተካፍለው በተማሪዎቻቸው እጅ የሚገጣጥሙት ኩብሳት ይሁን። በየትምህርት ቤቱ ያሉ የፊዚክስና የጂኦግራፊ መምህራንም መመሪያ እስኪወርድ አይጠብቁ፤ ክበቡን ዛሬ ይመሥርቱ፣ ዘንድሮ የሚመረቀው ተማሪም ሥራውን ለቀጣዩ አስረክቦ እንዲወጣ ያድርጉ።